ከመተኮሻ ክፍል የተነቀለው መብራት

ጣይባ ገና አሊዩ አምባ በምትባል ከተማ ሳለች፣ በዘጠኝ ዓመቷ፣ ማጅራት ገትር ጆሮዋን ወሰደው። አንደበቷን ግን ተወላት። ስታወራ ድምፅዋ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ቃል አያጥራትም። ሰው ሲያናግራት ከንፈሩን ታነባለች፤ ከንፈሩን በጢም የሸፈነ ወንድ ለእሷ የተዘጋ ቤት ነው።

ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር ባለ አራት ፎቅ ሆቴል አለ። ጣይባ በጓሮው፣ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ፣ አንሶላ መተኮስ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሆቴሉ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሲያስገባ ባለሙያው ከክፍሏ ግድግዳ ላይ ሁለት ነገር ሰቀለ፤ የሚጮህ ሳይረንና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት። "ሳይረኑ የሁሉም ነው፣ መብራቱ ያንቺ ነው" አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መሥራት ቻለች። ይህን ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ፣ ጆሮ ያለው ሰው ነው።

ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ምናሴ የሠርግ አዳራሹን ሲያሳድሱ መብራቱን አስነቅለው ከሙሽሮቹ ወንበር በላይ አሰቀሉት። ምክንያታቸው "ያምራል" የሚል ነበር። የአዳራሹ ወገን ሁለት ጆሮ፣ አራት ድምፅ ማጉያና አንድ ቀረርቶ አውጪ አለው፤ መብራት ተጨመረለት። የጓሮው ወገን ጆሮ የለውም፤ መብራቱ ተቀነሰበት። ክፍፍሉ ይኸው ነው።

"ጋሼ፣ መብራቴን ወሰዱብኝ" አለቻቸው።

"እሳት ከተነሳ ሮማን ትጠራሻለች።"

ሮማን ፎቅ ላይ አልጋ የምታነጥፈው ጓደኛዋ ናት። "ሮማን እሑድ አትገባም።"

"እሳትም እሑድ ያርፋል" አሉና ሳቁ።

ጣይባ አልሳቀችም። ሳይረኑ ከተሰቀለበት ቆርቆሮ ላይ የጣሳ ክዳን እንደ መደርደሪያ አጋድማ በምስማር መታች፤ በላዩ አንድ እፍኝ ማሾ አፈሰሰችበት። ሳይረኑ ሲጮህ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ማሾው ይዘላል። ብልሃቱ እንከን አልነበረውም፤ እንከኑ መንገዱ ነው። ከጀውሃ በኩል ተሳቢ በመጣ ቁጥር ማሾው ይዘላል፣ ጣይባም ካውያዋን ነቅላ ጓሮ ትወጣለች። ማሾው ዝም ሲል ደግሞ ይብስባታል። ምስማሩ ላልቶ ይሆን? አፍንጫዋም አይረዳትም፤ መተኮሻ ክፍል መቼም የተቃጠለ ጨርቅ ሳይሸት ውሎ አያውቅም።

"ጣይቤ፣ ዛሬ ስንቴ ተቃጠልን?" ትላታለች ሮማን።

"አራቴ።"

"እስከ ምሳ ይበቃናል።"

ሳይረኑም ቢሆን ክብር አልቀረውም። ኩሽና ውስጥ ሥጋ ባረረ ቁጥር ስለሚጮህ፣ ደንበኛው ሲሰማው "ጥብስ ደረሰ" ብሎ እጁን ሊታጠብ ይነሳል።

አንድ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ ፌቨን የምትባል ለከተማው አዲስ የሆነች የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ መጣች። ለማንም ሳትናገር የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጭና ከጓሮው መግቢያ ቆመች።

ማሾው ዘለለ። ጣይባ እንደ ልማዷ እስከ አምስት ቆጠረች፤ ተሳቢ ከአምስት አያልፍም። ሰባት፣ ስምንት። ማሾው ከክዳኑ ላይ እየተረጨ ወለሉ ላይ ይረግፍ ጀመር። ካውያውን ነቀለች፣ ወጣች።

ጓሮው ባዶ ነበር። ሁሉም ረስተዋት ሄደዋል፣ ወይስ አንድም ሰው አልተረፈም? የትኛው እንደሚሻል ሳታውቅ ወደ ደረጃው ዞራ "ሮማን፣ እሳት ነው፣ ውረጂ" እያለች ቆርቆሮውን በጥፊ ትደበድብ ጀመር። ፌቨን ከመግቢያው መጥታ ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት።

"ሙከራ ነው፣ እህቴ። እሳት የለም።"

"ሌሎቹስ?"

"እጃቸውን እየታጠቡ ነው።"

ጋሼ ምናሴ አፋቸውን በሶፍት እየጠረጉ ደረሱ። ፌቨን "ከዚህ ሁሉ ሰው የወጣችው መስማት የማትችለው ብቻ ናት" አለቻቸው።

"እሷማ ማሾ አላት" አሉ።

ፌቨን ገብታ ክዳኑን አየች፤ ቀጥሎ ጣይባ መብራቱ የተነቀለባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች አሳየቻት። "መብራቱ ሳይመለስ የፍተሻ ወረቀቱን አልፈርምም" አለች።

በማግስቱ መብራቱ የሙሽሮቹን የፕላስቲክ አበባ እንደተሸከመ ተመለሰ። ጣይባ አበባውን አነሳችለት።

"በይ እንግዲህ፣ ማሾውን ቀቅለሽ ብይ" አሏት ጋሼ ምናሴ።

"ቀጣዩ ሠርግ መቼ ነው፣ ጋሼ?"

"የፊታችን እሑድ።"

ጣይባ ጎንበስ አለች። "እንግዲያው ሰኞ እቀቅለዋለሁ" አለችና ማሾውን ከወለሉ አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ክዳኑ መለሰችው።