አሜሪካን የተባለችው እንግሊዝ

ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ ስለ ሞተር ሳይክል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ ከተባለ ይጠቁሙኝና ሄጄ ልየው። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ፈትቼ፣ አበላሽቼና መልሼ ገጥሜ ነው። ዛሬም ቡልጋሪያ ሰፈር ያሉ ጋራዦች ሲቸግራቸው የሚመጡት ቂርቆስ እኔ ቤት ነው። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን ሰው እንዲያውቀው ነው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንዲት አሮጌ ሞተር በጭነት መኪና መጣችልኝ። የነዳጅ ታንኩን ክዳን ስከፍት የረጋ ቤንዚንና የዝገት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና በሐሳቤ ልጅ ሆኜ ካዛንቺስ፣ የጋሼ ወርቁ አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። ጋሼ ወርቁ ጎረቤታችን፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አመላላሽ ነበሩ። ማታ ማታ በዚህችው ሞተር ወደ መንደራችን ሲታጠፉ እናቶቻችን ከአቧራው ለማዳን ልብስ ከገመድ ላይ ይሰበስባሉ፣ እኛ ደግሞ አቧራውን ለመጠጣት ከኋላ እንሮጣለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛው እናጥባታለን፤ ጠቡ ግን ታንኩን ማን ያጥባል ነው፣ ምክንያቱም በሁለቱም ጎኑ በነሐስ ፊደል የተሠራ የአሜሪካ ፋብሪካ ስም ታስሮበታል፣ ማንበብ የማንችለው ሁሉ በጣታችን እንዳብሰዋለን። የላይኛው መንደር ልጆች ብስክሌት ነበራቸው። እኛ አሜሪካ ነበረችን።

የእንግሊዝኛ ፊደል እንደቆጠርኩ ከሞተሩ ሆድ ላይ ግራሶውን ስጠርግ ሌላ ጽሑፍ አገኘሁ፦ በእንግሊዝ አገር የተሠራ ይላል። እንግሊዞች ሠርተው አሜሪካኖች ስማቸውን ለጥፈው ሸጠዋታል ማለት ነው። ሮጬ ለጋሼ ነገርኳቸው፤ ጆሮዬን ጠምዝዘው አሰናበቱኝ። ያኔ የጀመረኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አሁን ሞተሯን የላከችልኝ አብሮ አደጌ አይናለም ናት፣ የጋሼ ልጅ። የካዛንቺሱ ቤት ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ስለገቡ ሞተሯን ዘመድ ግቢ አስቀምጣት ነበር። ጋሼ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ልጄ ሞተሬን ሸጠችብኝ ብለው ካኮረፏት ቆይተዋል፣ ውሃ እንኳ የሚጠይቁት ሠራተኛዋን ነው። «ተፈራዬ፣ በናትህ አስነሣልኝ» አለችኝ። «ድምጿን ካልሰሙ አያምኑኝም። እንዲህ እንደተቀየሙኝ እንዳይሞቱ።»

እሺ አልኩ። ስቃዬ ግን ያ ስም ነው። ለጉልበት የጠራሁት የቡልጋሪያ ሰፈር መካኒክ ታንኩን አየና፣ «ፋዘር፣ የአሜሪካ ናት እኮ፣ በቃ በኢንች ቁልፍ ትፈታለች» ብሎ የብሎኑን ጭንቅላት በላው። የድሮ የእንግሊዝ ብሎን የራሱ ልክ አለው፣ የሚሊሜትርም የኢንችም ቁልፍ አይዘውም ብዬ ብነግረው፣ «ተጽፏል እኮ ፋዘር!» ይለኛል። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ዕቃ ፍለጋ ፎቶዋን ይዤ ብሄድ፣ እንግሊዝ ባልኩ ቁጥር ነጋዴው ስሙን አንብቦ ይስቅብኛል። በመጨረሻ ቢመረኝ ስሙን ፈትቼ የሚስማር ቆርቆሮ ውስጥ ወረወርኩት፣ ታንኩንም አዲስ ቀለም ቀባሁት፣ ቁልፉን በሞረድ ሞርጄ ራሴ ሠራሁ። ሞተሯም ተነሣች።

ኮንዶሚኒየሙ ሥር ጋሼን ወንበር ላይ አስቀምጠናቸው አንዴ ብረግጣት ወዲያው ሠራች። አይናለም አፏን በእጇ ይዛለች። ጋሼ አዳመጡ።

«ጥሩ ሞተር ነው። የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ ጋሼ!»

እጃቸውን ዘርግተው ታንኩን ዳበሱ፣ ወዲያ ማዶውንም ዳበሱ፣ ባዶ። ፊታቸው ጠቆረ። «አሜሪካኗን ሸጣችሁ የማንንም ሞተር ታመጡብኛላችሁ? ዕውር ነው ብላችሁ?»

አይናለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ መጀመሪያም የእንግሊዝ...»

«ዝም በል! አንተ ተፈራ፣ ከልጅነትህም እንዲህ ነበርክ!»

እኔን አወቁኝ፣ ሞተራቸውን ግን አላወቁም። እንዴት ያለ ጉድ ነው!

በማግስቱ ያን ስም ከሚስማር መሃል አውጥቼ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ባማረው ቀለሜ ላይ መልሼ አሰርኩትና ወሰድኩላቸው። ጋሼ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በጣታቸው ሄዱበት፤ እጃቸውንም ከዚያ አላነሡም።

«አይናለም» አሉ። «እስቲ ውሃ ስጪኝ።»

ስትሮጥ ነጠላዋ ወደቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግሊዝ ነው ያልከው ደግሞ!» አሉኝ።

ኮንዶሚኒየሙ ማቆሚያ ስለሌለው ሞተሯን እኔው እየነዳሁ ስመለስ በካዛንቺስ አለፍኩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ጋሼ የሚታጠፉባት ቦታ ግን የት እንደነበረች እኔ ተፈራ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድባት የነበርኩት ሰውዬ፣ ማግኘት አቃተኝ። ከአቧራዋ የሚሸሽ ልብስ የለም፣ አቧራም የለም። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ከጎኔ ያሉት አንዴ ታንኩን አዩና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። አሜሪካን ናት ብሎ የሚከራከረኝ እንኳ ጠፋ።

ለማንኛውም የሠራሁት ይታወቅልኝ። በአገር ውስጥ የሌለ ቁልፍ በእጄ ሠርቻለሁ። የተበላ ብሎን ያለ ብየዳ አውጥቻለሁ። ዘመድ ግቢ የዛገችውን ሞተር በአንድ እርግጫ አስነሥቻለሁ። አባትና ልጅ አነጋግሬያለሁ። እንግሊዝ መሆኗን ከማንም በፊት ያነበብኩት እኔ፣ በገዛ እጄ አሜሪካን አድርጌያታለሁ።