መርሳና ግራና በአንድ ላፕቶፕ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሕይወት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ ወልድያ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ላፕቶፗን ከፍታ ነበር። ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ አሮጌው ቨርዥን ለአንዱ ሥራዋ፣ አዲሱ ለሌላው ያስፈልጋታል። አንድ መስመር ጻፈች፤ ተቀየረ። ማንጎዋን መምጠጥ እንኳ አላቋረጠችም።

"አክስቴ፣ ምን ያስቅሻል?"

"እኛ ለዚህች ለውጥ ስንት ስንለፋ ኖረናል መሰለሽ!"

አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር የኮሌጅ ጓደኛዬ ዘሐራና እኔ እዚሁ ወልድያ በመጨረሻው ዓመታችን አንድ ላፕቶፕ ነበረን፤ አባቶቻችን ተጋግዘው የገዙልን። እሷ የግራና፣ እኔ የመርሳ የመስኖ ገበሬ ልጆች ነንና በተራ መጠቀምን የሚያስተምረን አላስፈለገም። በውሃ ተራ ሕግ ተካፈልነው፤ እስከ ምሳ የእኔ፣ ከምሳ በኋላ የእሷ። ርክክቡም በአንድ ቃል ነበር፦ "ተራሽ ነው።"

በእኛ አገር ተራው የደረሰው ሰው መጀመሪያ ቦዩን ይጠርጋል። ሣሩን፣ ደለሉን፣ ከእሱ በፊት ያጠጣው ሰው የተወውን ጓል ሁሉ አውጥቶ ነው ውሃውን የሚለቀው። እኛም ባለሙያዎች ነንና ጠረግን! የእኔ ፕሮግራም በአሮጌው ጃቫ ብቻ፣ የእሷ በአዲሱ ብቻ ነበር የሚሠራው። ተራዬ ሲደርስ የእሷን አጥፍቼ የእኔን እጭናለሁ፤ ተራዋ ሲደርስ የእኔን አጥፍታ የእሷን ትጭናለች። ተጭኖ እስኪያልቅ ሽሮ ሠርተን፣ በልተን፣ ዕቃ እናጥባለን። ሥርዓት ነው ብለን እንኮራበትም ነበር።

ግንቦት ላይ የመመረቂያ ሥራችንን በፈታኞች ፊት የምናቀርብበት የጊዜ ሰሌዳ ተለጠፈ። ሁለታችንም በአንድ ጠዋት፣ እሷ ከእኔ ቀጥላ። ዘሐራ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

"አለቀልኝ፣ ወላሂ! አንቺ ስትወርጂ እኔ ልወጣ ነው። መቼ ጠርጌ መቼ ልጭን? መብራት ቢጠፋስ?"

አንድ ዓመት ደግማለች። አባቷም ከዘንድሮ ወዲያ አላስተምርም፣ ካልሆነልሽ ግራና ተመለሽ ብለዋታል። ቀልድ የሚያውቁ ሰው አይደሉም።

"አይዞሽ፣ መላ አለኝ" አልኳት። መላው ገና አልነበረኝም። እኔ እንዲህ ነኝ፤ መጀመሪያ ቃል እገባለሁ፣ ከዚያ አስባለሁ።

ቅዳሜ መርሳ ወረድኩ። በዚያ ወቅት ሚኒባሱ ሳይቆም የማንጎ ሽታ በመስኮት ይገባል። አባቴ ማሳው ላይ ነበሩ። ሽንኩርቱን አጠጥተው የእኛን ቦይ አፍ በጓልና በሣር እየዘጉ ውሃውን ለጎረቤት ይለቁ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን ቆሜ ቀረሁ። የጎረቤታችን ቦይ እዚያው አለ። የእኛም አለ። ማንም የማንንም አልደፈነም፤ የተዘጋው አፉ ብቻ ነው። እኛ ሞኞቹ ጠረጋ እያልን ቦይ ስንደፍንና እንደገና ስንቆፍር ከርመናል!

ብቻዬን ስስቅ አባቴ ቀና አሉ።

"ምነው፣ ፀሐይ መታሽ?"

"አባዬ፣ መላ አገኘሁ!"

"በይ እንግዲያ ማንጎም ያዢ፤ መላ ሆድ አይሞላም።"

እሁድ ወልድያ ተመልሼ ሁለቱንም ጃቫ ጎን ለጎን በየራሳቸው ፎልደር አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ጻፍኩ፤ አንዱን መርሳ፣ ሌላውን ግራና አልኳቸው። መርሳን ሲነኩት ኮምፒዩተሩ ወደ አሮጌው ያመራል፣ ግራናን ሲነኩት ወደ አዲሱ። ዘሐራ ደጋግማ ሞከረችው።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ዓመቱን ሙሉ በከንቱ ነዋ የለፋነው፣ አንቺ!" ብላ በትራስ መታችኝ።

በዕለቱ የእኔን አቅርቤ ስጨርስ ግራናን ነካሁና ወንበሩን ለቀቅኩላት። "ተራሽ ነው።" የሥራዋን ርእስ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ፕሮግራሟ ሲከፈት ግን ድምጿ ተስተካከለ፤ ከእኔው ይልቅ በእሷ ደስ አለኝ። አለፈች። ቀልድ የማያውቁት አባቷ ለምርቃቷ መጥተው ሳይሸሽጉ አለቀሱ።

ሕይወት ይህን ሁሉ ሰምታ "ዘዴው እኮ ያኔም ነበረ፤ ፈልጋችሁ ብታነቡ ታገኙት ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን አይቆጨኝም። በራስ ማሳ ላይ የተገኘ መላ ከሰው አይለይም፤ ዛሬም አዲስ ነገር ሲመጣ አሮጌውን ለማጥፋት አልቸኩልም።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። ዘሐራ አሁን ደሴ ታስተምራለች፤ አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት እሷ እንደዋወላለን። ገና ሳይጠራ አነሳችው።

"አንቺ! የዚህ ሳምንት ተራ እኮ የእኔ ነበር" አለችኝ።