በረንዳ ያለው ክፍል ይሁን

ወንድሜ የደወለልኝ ቀን ሱቄ ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ ጥቅምት ገብቶም እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ይግላል። ስለዚህ የስፌት መኪናዬን ወደ በሩ አስጠግቼ፣ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዙሬ ነው የምሠራው። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሐል ይዤ መርገጤን ቀጠልኩ። እሱ ግን መኪናዋን አቁሚና ስሚኝ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ዱባይ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እናታችንንና እኔን ለጥቂት ሳምንት ወደ እሱ ሊወስደን ቪዛችንን እንደጨረሰ አውቃለሁ። ያላወቅሁት በዚያው በመርከብ ሊያዞረን ማሰቡን ነው። ከዱባይ ተነሥቶ ወደ ኦማን የሚሄድ፣ ሰው እየበላና እየተኛ የሚሰነብትበት ትልቅ የሽርሽር መርከብ ነው አለኝ። ከዚህ በፊት ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በሌላ ኩባንያ መርከብ ሄዶ ያውቃል። አሁን ግን አዲስ ኩባንያ መጥቷል፣ መርከቡም አዲስ ነው፣ እንሞክረው አለኝ። ችግሩ የዚህኛውን መርከብ ክፍሎች አያውቃቸውም። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል አለ፤ የማይከፈት መስኮት ያለው አለ፤ በረንዳ ያለውም አለ። ከእማዬ ጋር ተነጋገሩና ንገሩኝ ብሎ ዘጋው።

እግሬ መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ። ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከደስታዬ ብዛት ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩና አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ክፍሉን ግን ወዲያው በልቤ መርጬ ነበር። መስኮት የሌለውን። ከፍታ እፈራለሁ፤ ይህን ለማንም አልናገርም። አዲስ አበባ ለመሄድ ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በርን ስንወጣ፣ ያ ሁሉ ገደል በመስኮቱ በኩል ሲከፈት፣ ሻሼን ዓይኔ ላይ ጥዬ የተኛሁ እመስላለሁ። የምገልጠው መሿለኪያው ውስጥ ስንገባ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ በጨለማው ዝም ሲል እኔ ዘና ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ወጣትነቷን ያሳለፈችው በዚሁ መንገድ ዳር ፓፓያና ማንጎ እየሸጠች ነው። ያኔ የአሰብ መኪኖች በደጃችን ነበር የሚያልፉት። ሾፌሮቹ ከእሷ ፍራፍሬ ይገዛሉ፣ እሷ ደግሞ ስለ ባሕሩ ትጠይቃቸዋለች። አንዱ ሾፌር፣ ልክ እንደ ሮቢ ወንዝ ነው፣ ማዶ ግን የለውም እንዳላት ደጋግማ ነግራናለች። አንድ ቀን ይዘዋት እንዲሄዱ አባቷን ለምና ነበር፤ አልፈቀደላትም። ከዚያ አገባች፣ እኛን ወለደች፣ የአሰብ መኪኖችም ቀሩ።

የመርከቡን ነገር ስነግራት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ከዚያ አልሐምዱሊላህ ብላ ተነሣችና ያልቆሸሸ ሳፋ ማጠብ ጀመረች። ስለ ክፍሎቹ የጠየቀችኝ ሳፋውን ደፍታ ከጨረሰች በኋላ ነው። መስኮት የሌለውም እንዳለ ነገርኳት፤ ለመኝታ ብቻ ስለሆነ እሱ ይበቃናል አልኩ።

"መስኮት የሌለው ክፍልማ ሁላችንም አንድ ቀን እንገባበታለን፤ ምን ያስቸኩለኛል?" አለች።

የማይከፈተውን መስኮት ሳነሣባት ደግሞ ባሕሩን በመስታወት የማየው ከሆነማ ቤቴ ቴሌቪዥን አለኝ አለችኝ። ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር። እኛ አገር ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። አልጋው ወደ በረንዳ ይወጣል፣ አጎበር ይወጠራል፣ ጎረቤት ከጎረቤት በየበረንዳው ተኝቶ ያወራል። በረንዳ የሌለው መኝታ ምን እንደሚባል አታውቅም።

በማግሥቱ ጎረቤታችንን ጋሼን ይዛ ሱቄ መጣች። እሳቸው በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበሩ፤ ዛሬ ከሮቢ ወንዝ ውሃ እየጠለፉ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ወሬውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን ሰማያዊ ጨርቅ አይተው፣ ጨርቅ የማሰምርበትን ኖራ አነሡና ሳያስፈቅዱ መርከብ ሣሉበት። ከፊትም ከኋላም አትሁኑ፣ መሐሉ ነው የማይወዛወዘው አሉ። ከጭፈራ ቤቱና ከወጥ ቤቱ ሥር እንዳትገቡ አሉ። የነፍስ አድን ጀልባዎች የሚሰቀሉበትንም አሳዩን፤ ከእነሱ ፊት ለፊት ከገባችሁ በረንዳ ተብሎ የጀልባ ሆድ ስታዩ ትሰነብታላችሁ አሉን። በመጨረሻ፣ ባሕር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ ብለው አጥብቀው መከሩን። ሲሄዱ ኖራዬን በኪሳቸው ይዘውት ሄዱ። መርከቡን ከጨርቁ ላይ ለማራገፍ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ የዚያን ቀን ሌላ ጨርቅ ቆረጥኩ።

ወንድሜ አመሻሽ ላይ በቪዲዮ ደውሎ የመርከቡን ሥዕል ፎቅ በፎቅ አሳየን። እኔና እናቴ በረንዳችን ላይ ተቀምጠን ስልኩን በሳህን አስደግፈነው ነበር። መጀመሪያ የወደደው ክፍል መሐል ላይ ነበረ። እናቴ ጀልባዎቹ የት ነው የተሰቀሉት ብላ ጠየቀችው። ሥዕሉን አጉልቶ ሲያይ ጀልባዎቹ በትክክል ከዚያ በረንዳ ፊት ተደርድረዋል። ይህን ማን ነገረሽ አላት፤ ጋሼ አለች፤ ሳቀና አንድ ፎቅ ከፍ አለ። እዚያ ከተረፉት ክፍሎች አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ነበር። ስንሄድ የኦማን ተራሮች በየት በኩል ናቸው ስለው መንገዱን አይቶ በቀኝ አለን።

አንድ ፎቅ ከፍ ማለቱ ግን እኔን አስጨነቀኝ። ለእማዬ ይሻላል፣ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ የሚያዳልጥ ነገር ቢኖርስ፣ ባለ መስኮቱን እንያዝ አልኩ። እናቴ ስልኩን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

"ጣርማ በር ላይ ሻሽሽን ዓይንሽ ላይ ስትጥይ የማላይሽ መሰለሽ?" አለችኝ።

ሻሼን አስተካከልኩ። አልተቆጣችም፤ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች።

"አንቺ ውስጥ ትቀመጫለሽ፣ እኔ እወጣለሁ። በሩን ብቻ አትዝጊብኝ።"

እንደዚህ ተወሰነ። ወንድሜ ለእኛ በቀኝ በኩል ያለውን ባለ በረንዳ ያዘልን፤ ለራሱ እዚያው ፎቅ ላይ የውስጥ ክፍል ወሰደ። ለመኝታ ብቻ ነው አለ።

ኅዳር ላይ ወደ ዱባይ በረርን፤ አውሮፕላኑ ውስጥም ሻሼን ከዓይኔ ላይ አላነሣሁም። መርከቡን ወደብ ላይ ሳየው መርከብነቱን ዓይኔ አልቀበል አለ፤ ደብረ ሲናን ከነፎቁ ከነሰዉ አንሥተው ውሃ ዳር ያቆሟት ነው የሚመስለው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ የእናቴ እርምጃ ከእኔ ይፈጥን ነበር። ወንድሜ በሩን በካርድ ሲከፍትልን ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ወንበርና ወፍራም መጋረጃ አየሁ። እናቴ አልጋውን ዞር ብላ አላየችውም። ቦርሳዋን በትከሻዋ እንደያዘች ቀጥ ብላ ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች፣ ቢስሚላህ ብላ የመስታወቱን በር አንሸራትታ ወጣች። እኔ ወደ ኮሪደሩ በሚቀርበው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

መርከቡ መነሣቱን ያወቅሁት ጠረጴዛው ላይ ባለው ብርጭቆ ነው፤ ውሃው ዘንበል አለ። እናቴ ከውጭ ያየችውን እየጠራች ትነግረኛለች። ከተማው ወደ ኋላ እየቀረ ነው፤ ወፎች እየተከተሉን ነው፤ ውሃው ነጭ መንገድ እየሠራ ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሺ፣ እሺ እላለሁ። ፍርሃቱና ደስታው ተደባልቀው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። የመግሪብ ሶላት ሲደርስ ወንድሜ መጥቶ የምትሰግድበትን አቅጣጫ፣ ቂብላውን፣ በስልኩ አሳያት። መርከቡ ቢዞርስ ብላ ጠየቀችው፤ እንደጀመርሽ ጨርሺ፣ አላህ ያውቃል አላት።

ጠዋት ስነቃ የእናቴ አልጋ ባዶ ነው። የበረንዳው በር ተከፍቶ መጋረጃው ይውለበለባል። እማዬ ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም፤ በባዶ እግሬ ሮጬ ስወጣ ብቻ ነው የማስታውሰው።

እናቴ ሁለቱን የበረንዳ ወንበሮች ገጥማ፣ ቦርሳዋን ተንተርሳ፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተኝታለች። ትከሻዋን ይዤ ወዘወዝኳት። ዓይኗን ገለጠች።

"ምነው? ውስጡ በርዶኝ ነው የወጣሁት። ጋቢውን ላንቺ አልብሼሽ" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የጋሼ ብርድ ያገኘን ከባሕሩ ሳይሆን ከክፍሉ ማቀዝቀዣ ነው፤ ጋቢው አሁንም ከትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል። ውጭ ግን አየሩ ለብ ያለ፣ እንደ እኛ አገር ማለዳ ነበር። ልቆጣት አፌን ስከፍት እናቴ በአገጯ ወደ ማዶ አመለከተችኝ። ቀና አልኩ።

ተራሮቹ ከባሕሩ ቀጥ ብለው ወጥተዋል። ዛፍ የለባቸውም፣ ቤት የለባቸውም። ፀሐይ በመርከቡ በወዲያኛው በኩል ወጥታ፣ እኛ በረንዳ ላይ ሳትደርስ በላያችን አልፋ እነሱን ታበራለች፤ ቡናማውም ቀዩም ወርቅ መስሏል። ከሥራቸው ያለው ውሃ እንደተተኮሰ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ እጥፋት እንኳ የለውም። ዕድሜዬን ሙሉ ቆላ ሆኜ ወደ ደጋው ተራራ ቀና ብዬ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ተራራ ሲያገኝ ያርፋል። ወደ ታች ማየት እንዳለብኝ እንኳ ረሳሁ። ብቻ እግሬ ሥር ያለው ወለል ጠንካራ መሆኑን፣ እኔም በረንዳ ላይ መቆሜን ያወቅሁት እናቴ ቁጭ በይ ብላ አንዱን ወንበር ስትለቅልኝ ነው። ተቀመጥኩ። ወደ ውስጥም አልተመለስኩም።

ወንድሜ ቁርስ በትሪ ይዞ መጣና እኔን ውጭ ሲያየኝ በሩ ላይ ቆመ። ትሪውን አስቀምጦ እንቁላሌን ላጠልኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ የሚሄደው ሲተኛ ብቻ ሆነ። የእሱ ክፍል መብራቱ ከጠፋ ቀንና ማታው አይለይም፤ አንድ ቀን ከሰዓት ተኝቶ ነቅቶ ጠዋት መስሎት ቁርስ ቤት ወርዷል። ከዚያ ወዲያ በእኛ ወንበሮች ላይ ተጋፋን። ሦስታችንም እዚያ ሆነን ዶልፊኖች አየን፤ ከውሃው እየዘለሉ ከመርከቡ ጎን ጎን ሲሄዱ እናቴ ልጆች እንደምትቆጣጠር ሁሉ በጣቷ ልትቆጥራቸው ሞከረች፣ እየጠለቁ አስቸገሯት።

ሙስካት ወደብ ስንደርስ ኔትወርክ አገኘንና ለጋሼ በቪዲዮ ደወልን። ማሳቸው ውስጥ ነበሩ፣ ከኋላቸው ሽንኩርቱ ይታያል። ሰላም ከተባባልን በኋላ እናቴ ስለ ክፍሉ ልታወራላቸው ስትጀምር፣ ይቅርታ እትዬ፣ እስቲ ስልኩን ወደ ውሃው አዙሩልኝ አሏት። አዞረችላቸው። ውሃው የመርከቡን ጎን ሲመታ ይሰማል። በመጨረሻ ሰላም በሉልኝ አሉና ማንን እንደሆነ ሳይናገሩ ስልኩን ዘጉት።

ከሙስካት ስንወጣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንድሜ ሊታጠብ ሄዷል። እኔና እናቴ በረንዳው ላይ ቆመን ሳለ አንድ ዓሣ አጥማጅ በትንሽ ጀልባው ከታች ብቅ አለ። እሱን ለማየት ወደ ታች ማየት ነበረብኝ፤ አየሁ። የበረንዳውን ብረት አጥብቄ ያዝኩ። ሰውየው ሞተሩን አቀዝቅዞ ቀና አለና እጁን አወዛወዘልን። እኔም ብረቱን በአንድ እጄ እንደያዝኩ አወዛወዝኩለት።

"ታውቂዋለሽ እንዴ?" አለች እናቴ።

አላውቀውም አልኳት።

"ታዲያ በደንብ አውለብልቢለት፤ ሩቅ ነው፣ አያይሽም።"

ብረቱን ለቀቅሁና በሁለቱም እጆቼ አውለበለብኩለት። ሰውየው እየሳቀ በጀልባው ላይ ተነሥቶ ቆመ።