ጋሪው የቆመበት ቦታ

ላህያ እስከ አርባ ዓመቷ ድረስ ለራሷ ብላ መጽሐፍ ገልጣ አታውቅም። በሃውኪላምፒ መንደር የእንጨት መሰንጠቂያ ጣውላ ስትደረድር ኖራለች፤ ይህን አንብቢ፣ ያን ተዪ የሚላትን ሰው ደግሞ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አትወድም። አንባቢ ያደረጋት ጋሪው ነው፤ በመንደሩ ቤተ መጻሕፍት በር አጠገብ የሚቆመው፣ የተመለሱ መጻሕፍት ወደ መደርደሪያቸው እስኪገቡ የሚቆዩበት ባለ ጎማ ጋሪ። አንድ ቀን ከበረዶ ለመጠለል ገብታ ከላዩ አንዱን አነሳች። ጎረቤቷ ሬይዮ ያኔውኑ የመለሰው ነበር፤ ገጾቹ የሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ ጭስ ይሸታሉ።

ከሬይዮ ጋር በዓሣ መረብ መዘርጊያ ቦታ ተጣልተው ንግግር ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። እሱ የመለሰውን ሁሉ ግን ታነባለች። ሚስቱ መታመሟን ያወቀችው ስለ ስትሮክ የተጻፈ መጽሐፍ ጋሪው ላይ ስታይ ነው። የዓሣ ሾርባ በድስት አድርጋ ደጃፉ ላይ አስቀምጣለት ሄደች። ድስቱ ታጥቦ ደጃፏ ላይ ተመለሰ።

በጥር ወር ከከተማ የተሾመው አዲሱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሳምፖ ጋሪውን አስነሳ። በጋሪው ቦታ ምን እንደሚነበብ የሚጠቁም ስክሪን ሰቀለ።

“ማን ምን እንዳነበበ የግል ጉዳይ ነው፣ ወይዘሮ ላህያ። ጥቆማውን ስክሪኑ ይሰጥዎታል።”

“ስክሪኑ ምን አንብቦ ያውቃል?” አለችው።

ቤተ መጻሕፍቱ የሚያውሰው መጽሐፍ ብቻ አይደለም። መሰርሰሪያ አለው፣ የልብስ ስፌት መኪና አለው፤ ከኋላው ቆመው በአንድ እግር እየገፉ የሚንሸራተቱበት የበረዶ ወንበርም አለው። ላህያ በማግሥቱ ወንበሩን በካርዷ ተዋሰች። ከበሩ ግን አላወጣችውም። ስክሪኑ ሥር አቆመችውና አንብባ የጨረሰችውን መጽሐፍ መቀመጫው ላይ አኖረች።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኪርሲ ከመነጽሯ በላይ አየቻት። “አንቺ ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?”

“ዕቃዬን እያቆምኩ ነዋ።”

“እኔ አላየሁም” አለችና ኪርሲ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ብዙም ሳይቆይ የሌሎችም መጻሕፍት ወንበሩ ላይ ተከመሩ። የፈለገ ያነሳና በራሱ ካርድ ያስመዘግባል። ሳምፖ መጥቶ ሲያይ ጆሮው ቀላ።

“ይህን ያንሱልኝ” አላት ላህያን።

“የተዋስኩት ነው።”

“እንግዲያው ወደ ቤትዎ ይውሰዱት!”

“የት ላቁመው የሚል ደንብ አለህ? ካለህ አሳየኝ።”

አልነበረውም። “መመለሻው ዓርብ ነው” አለ በመጨረሻ። “ዓርብ መጥቼ ወደ ከተማ እወስደዋለሁ። ቀጥሎ ለመዋስ ተራ የያዘ ተጠባባቂ የሌለውን ዕቃ ከውሰት ማውጣት እችላለሁ።”

“እዚሁ ታገኘኛለህ።”

የዚያን ዕለት ሱቅ ውስጥ ወረፋ ይዛ ሳለ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች። “ዓርብ ወንበሩን ሊወስደው ነው! ተጠባባቂ የለውም አለ።” ወተት የያዘው ወተቱን፣ ዳቦ የያዘው ዳቦውን ያያል። ሬይዮም ከኋላዋ ቆሞ ጫማውን ይመለከታል።

“ድንጋዮች!” ብላ ወጣች።

ዓርብ ዕለት ሳምፖ ሲገባ ላህያ መጻሕፍቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

“ይነሱ እንጂ፣ ወይዘሮ ላህያ።”

“ከነእኔ ጫነው።”

ሳምፖ ወደ ኪርሲ ዞረ። “ከውሰት አውጪው።”

“አይቻልም” አለች ኪርሲ ኮምፒውተሯን እያየች። “ተጠባባቂ አለው። ብዙ።”

“መንደሩ በሙሉ በአንዴ መንሸራተት አማረው?”

“በረዶው ጥሩ ነው” አለች።

በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ሬይዮ ቆቡን አውልቆ ካርዱን አወጣ። የመጀመሪያው ተጠባባቂ እሱ ነበር። ላህያ አየችው፤ ከወንበሩ ተነሳች። ሬይዮ አስመዝግቦ የወንበሩን እጀታ ያዘ፣ አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ገፋው፣ መልሶም እዚያው ቦታው ላይ አቆመው። ከኮቱ ውስጥ መጽሐፍ አውጥቶ መቀመጫው ላይ አኖረ።

“ተራህን ጠብቅ” አለው ሳምፖን።

ላህያ መጽሐፉን አነሳች።

“መጨረሻው አይረባም” አላት ሬይዮ፣ ወደ እሷ ሳያይ።

“እሱን የምፈርደው እኔ ነኝ” አለችው።