አክስቴ በቴሌቪዥን የቀረበች ዕለት

የቴሌቪዥን ሰዎች ሰንበቴ ገበያ ካሜራ ይዘው የመጡት ከአዲስ አበባ ነበር። እኔ ከሚሴ ከተማ አስተማሪ ነኝ። አካባቢውን ስለማውቅና ኦሮምኛም ስለምናገር አስተርጓሚ አድርገው ወሰዱኝ፤ እኔም መጀመሪያ ያገናኘኋቸው ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ ፍየል ነጋዴ ናት። ከአፋር ከሚመጡት በቋንቋቸው ተከራክራ ትገዛለች፤ ለደገኞቹ በአማርኛ ትሸጣለች፤ ቤት ስትገባ እኛን በኦሮምኛ ትቆጣናለች።

ጋዜጠኛው ትሁት ልጅ ነበር። "እናቴ፣ ስልኩን ቢያስቀምጡልኝ? ዱላ ቢይዙ ደግሞ ያምራል" አላት።

"ስልኩ ምን አደረገ? የባቲን ገበያ ዋጋ በሱ አይደል የምጠይቅ?"

"ልክ ነዎት፤ ግን ተመልካቹ..." ብሎ ወደ ካሜራው ዞረ። ተመልካቹ ምን እንደለመደ እሱም እኔም እናውቃለን። እሷም እየሳቀች ካጠገቧ ከቆሙ ሽማግሌ ዱላ ተቀበለች። ከዚያ ፍየሎቹን ስለያዛቸው ሳልና ዘግይቶ ስለሚደርሰው መድኃኒት ረጅም ነገር ተናገረች።

ሲጨርሱ ጋዜጠኛው ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ግን የዚህ አገር ልጅ አትመስይም። አማርኛሽ ጥርት ያለ ነው።"

"አመሰግናለሁ" አልኩት።

ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። ልጅ ሳለሁ ድራማ ላይ እንደኛ የሚናገር ሰው ከታየ ወይ ዘበኛ ነው ወይ ሞኝ። ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ጓሮ ሄጄ ዜና አንባቢዋን እየመሰልኩ እለማመዳለሁ። እፈሪ ያለኝ ማንም የለም፤ እየሳቅኩ ነው የተማርኩት።

ፕሮግራሙ የተላለፈ ዕለት ጎረቤቱ አክስቴ ቤት ተሰበሰበ። እሷ ሰላም ስትል፣ ስትስቅ፣ ዱላውን ስትይዝ ታየች። የፍየሎቹ ነገር የለም። "ከዘመናዊ ሕይወት ርቀው የሚኖሩ የዋህ ሰዎች" አለ ድምፁ።

"የዋህ? እኔ?" አለች። በክርክር ያልረታችው ሰው ስለሌለ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሰዉ ሲወጣ፣ "ያን ቀን የዚህ አገር ልጅ አትመስይም ሲለኝ አመሰግናለሁ ማለቴ ሳያንስ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ሰምቻለሁ" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?"

"ወላሂ ልጄ፣ ተምረሽ ትስቂብናለሽ ብዬ ነበር የምፈራው። ለካ አንቺም እንዳይስቁብሽ ስትፈሪ ኖረሻል።" እጄን ይዛ ቆየች።

በማግሥቱ ለጋዜጠኛው ደወልኩለት። አፍሮ ነበር። የቆረጡት አለቆቹ መሆናቸውን ነገረኝና ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ላከልኝ። ለጎረቤቶቻችን ላክሁት፤ ከስልክ ወደ ስልክ እያለ ጨፋ ሮቢት ከተማ ደረሰ፤ እዚያ ያለ አንድ የእንስሳት ሐኪም ስለ ሳሉ ያለችውን ሰምቶ ደወለላት። በሚቀጥለው ገበያ መድኃኒት ይዞ መጣ።

እኔ ክፍል ውስጥ "አነጋገርሽን አስተካክዪ" ማለት ትቻለሁ። አንዳንዴ ግን አሁንም አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ።