ሁለተኛው ስሜ

ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ ሰፈር በምሠራበት የዕቃ መጋዘን የጭነት መኪና ሸራ በዝናብ ሲርስ የሚያመጣውን ሽታ አልችለውም። ትናንት ሺፍት ስገባ ሸተተኝና የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ ደርግ የወሎን ገበሬ ለሰፈራ እያለ ወደ ማያውቀው አገር ያግዝ ነበር። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር የክርስትና እናቴ ባል ነበሩ። "ነገ ስንዴ ይታደላል፤ ቤተሰቡን ይዞ ያልመጣ አያገኝም" ብለው አስነገሩ። እናቴ ዶሮዋ ላይ ቅርጫት ደፍታ "ለምሳ እንመለሳለን" አለችና ወጣን።

ሜዳው ላይ ስንዴ የለም። ወታደርና ሸራ የለበሱ መኪኖች ከበቡን። ሊቀመንበሩ የሚጫኑትን ሰዎች ስም ከወረቀት ማንበብ ጀመሩ፤ እናቴ ስማቸው ካልተጻፈው ከአክስቴ ልጆች መሃል ወሸቀችኝ።

"ዘነበች ሲሉ አቤት እንዳትይ!"

ሊቀመንበሩ ከወረቀቱ "ዘነበች!" ብለው ተጣሩ። ዝም አልኩ። ደገሙት። ወታደሩ "አንድ ሰው ጎድሏል" አላቸው። ይኼኔ ወረቀቱን ዝቅ አደረጉና፣ ቤታችን ሲመጡ በሚያቆላምጡኝ ድምፅ፣ በክርስትና ስሜ ጠሩኝ።

"ወለተ ሚካኤል።"

"አቤት አባቴ!" ብዬ ሮጥኩላቸው።

በሁለት እጃቸው አንስተው መኪናው ላይ ጫኑኝ። ከእናቴ ጋር ቀድሞ የተጫነው አባቴ "አበልጄ፣ እሷንም?" ሲላቸው፣ ፊታቸውን አዙረው "ኮታ ነው" አሉ። ቃሉ አልገባኝም። እንዲያውም ስለጠሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሸራው ሲወርድብን ነው እናቴ ደረቷን ስትደቃ ያየኋት።

እዚህ ቶሮንቶ ቄሱ በጸሎት እንዲያስቡኝ የክርስትና ስሜን በጠየቁኝ ቁጥር፣ "ጠፋኝ አባ" እላቸዋለሁ።