«ተረድተዋል» ብዬ ወዳለፍኳቸው ሰው

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ከቀራንዮ የተነሳሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ለመሥሪያ ቤቴ «የመስክ ጉብኝት» ብዬ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ እናቴን ደግሞ «ደብረ ብርሃን ሥራ አለኝ» ብያታለሁ። ሁለቱም ውሸት አይደሉም፣ እውነቱን ግን ሸፋፍነውታል። ለእናንተ እንኳ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ኮልፌ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ ፋርማሲስት ለሌላቸው የገጠር ጤና ጣቢያዎች በኮምፒዩተር ካሜራ የመድኃኒት አወሳሰድ አስረዳለሁ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ የሐኪሙን ማዘዣ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች፤ በሽተኛውን ታብሌት ፊት አስቀምጣ ታገናኘናለች፤ እኔ ካስረዳሁ በኋላ መድኃኒቱን ትሰጣለች። ቅጹ መጨረሻ ላይ «ታካሚው አወሳሰዱን ተረድቶ በራሱ አንደበት ደግሞ ተናግሯል» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ምልክት ካላደረግኩ ቅጹ አይዘጋም።

ጋሽ ደምሴ የሚባሉ አዛውንት የስኳር ኪኒን ታዞላቸው መጡ። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ ጋር» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ።»

«ገባዎት?»

«አዎን፣ እግዜር ይስጥሽ።»

ሳይደግሙልኝ ምልክቱን አደረግኩ። የአባቴን እኩያ እንደ ተማሪ አስቁሜ «እስቲ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር መስሎኝ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ እኔም ርቦኛል።

ለካ ዐቢይ ጾም ገብቷል። እሳቸው በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። የጠዋቷ ኪኒን ስታመልጣቸው በዘጠኝ ሰዓት ሁለቱን አንድ ላይ ይውጡ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ ከብት ሊመልሱ ሲወጡ ስኳራቸው ወርዶ ድንጋይ ላይ ወደቁ፣ ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። እኔ ደግሞ አደጋው ሲነገረኝ በሞላሁት ሪፖርት ላይ ምን ብዬ ብጽፍ ጥሩ ነው? «ታካሚው መመሪያውን አልተከተለም።» እኛ ቤት ጴንጤ ነን፤ ሁዳዴ መግባቱን የምናውቀው የሰፈሩ ሥጋ ቤት ሲዘጋ ነው። ይህም ቢሆን ሰበብ አይሆነኝም፤ አፍ አለኝ፣ መጠየቅ እችል ነበር።

ባለፈው ሳምንት የጤና ጣቢያዋ ሠራተኛ ወይንሸት ደወለችልኝ። «ኪኒኑን መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ» አለችኝ። «ስኳራቸው ወጥቷል፣ ዓይናቸው እየደበዘዘ ነው። ካልጀመሩ መታወራቸው ነው። እኔን አይሰሙኝም።»

ስልኩን ዘጋሁ። ያን ሪፖርት ጽፌ ሦስት ሳምንት በሰላም እንጀራዬን መብላቴ ነው ያሸማቀቀኝ።

ከጦር ኃይሎች እስከ ደብረ ብርሃን

ከቀራንዮ በታክሲ ጦር ኃይሎች ወረድኩ። ከዚያ ባቡር ይዤ መገናኛ፣ ከመገናኛ ላምበረት መናኸሪያ። የደብረ ብርሃን አውቶቡስ አራት መቶ ብር ነው፤ ሞልቶ እስኪነሳ አንድ ሰዓት ፈጀ። መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ፓስቲ ገዝቼ አንዱን አጠገቤ ለተቀመጡት ሴትዮ ዘረጋሁላቸው።

«ጾም ነኝ የኔ ልጅ፣ አንቺ ብዪ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እንዳላፍር ብለው ነው። እኔ ግን ፓስቲውን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰንዳፋን ካለፍን በኋላ አገሩ ይከፈታል። ሜዳው ታጭዶ ደርቋል፣ የድርቆሽ ክምርና የባሕር ዛፍ ጥላ ብቻ ይታያል። ሸኖ ስንቆም፣ ሌላ ጊዜ አውቶቡሱን የሚከቡት ቅቤ ሻጮች የሉም፤ ቆሎ የያዙ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ አላወቅኩም።

ደብረ ብርሃን አራት ሰዓት ላይ ገባን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽሮ የሚሸጡ ቤቶች ነበሩ፣ መብላት ግን አስጠላኝ። ከዚያ በሚኒባስ አንድ ሰዓት፣ ከመንገዱ ተገንጥሎ በባጃጅ መቶ ሃምሳ ብር። የመንደሩን ስም ትቼዋለሁ፤ ሰውየውን አንዴ ጎድቻቸዋለሁ፣ ይበቃል።

ስድስት ሰዓት፣ ጋሽ ደምሴ ቤት

ወይንሸት የባጃጁ ማቆሚያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። በስክሪን ከማውቃት ይልቅ ቀጭን ናት፣ እርምጃዋም ፈጣን ነው። የድንጋይ አጥር ይዘን ሽቅብ ስንወጣ እኔ አለከልካለሁ፣ እሷ ትጠብቀኛለች።

ጋሽ ደምሴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ቀኝ እጃቸው በቀርከሃና በጨርቅ ታስሯል፤ ወጌሻ ነው ያሰረላቸው። ወይንሸት «ከአዲስ አበባ የመጣችው የመድኃኒት ባለሙያ ናት» ስትላቸው በግራ እጃቸው ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ። ለእኔ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ኧረ በጌታ፣ ይቀመጡ አባቴ» አልኳቸው።

ባለቤታቸው እማማ አስካለ ትኩስ ዳቦና ሻይ አቀረቡልኝ። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚበላ ሰው የለም። ልግደረደር ብል ጋሽ ደምሴ አልሰሙኝም። «አንቺ የመንገድ ሰው ነሽ፣ ብዪ። ሳትበዪ ወሬ የለም» አሉ። ስለዚህ በጾም ላይ ያሉ፣ በእኔ ምክንያት እጃቸው የተሰበረ ሰው ፊት ተቀምጬ ዳቦ በላሁ። እያንዳንዷን ጉርሻ በሻይ አወርዳታለሁ።

ስጨርስ ተነግሮ የማያልቅ የመሰለኝን ነገር ባንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ሳላስደግማቸው ምልክት ማድረጌን፣ ስለ ጾሙ አለመጠየቄን፣ ርቦኝ መቸኮሌን፣ በሪፖርቱም ጥፋቱን በእሳቸው ማላከኬን።

ሰምተውኝ ሲያበቁ «መራብሽንስ አይቼዋለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ታኝኪ ነበር። ወረቀቱን ጎንበስ ብለሽ ስታዪ ዳቦ ቢጤ ወደ አፍሽ ስትሰጂ አየሁ። ከዚያ ጾሜን ልንገራት አልንገራት ብዬ ከራሴ ጋር ተማከርኩ። ይቺ ልጅ አትጾምም፤ ብነግራት ‹ፍታ› ትለኛለች ወይም መድኃኒቱን ትከለክለኛለች አልኩ። እሺ ብዬ መውጣት ይሻላል ብዬ ወጣሁ።»

ካሜራው እኔን እንደሚያሳያቸው ረስቼው ነበር ማለት አልችልም። በየቀኑ እዚያ ፊት እቀመጣለሁ። እሳቸው እዚያ ማዶ ሆነው እኔን እንደሚያዩ፣ አይተውም እንደሚያስቡ ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። ቀና ብዬ ልያቸው አልቻልኩም።

«ቢነግሩኝ አልከለክልዎትም ነበር» አልኳቸው። «ላዘዘው ሐኪም እደውል ነበር።»

«እንግዲያው አሁን ደውዪ።»

ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ የሚይዘው ከበረቱ ጀርባ ያለች አንዲት ጉብታ ላይ ነው። ሦስታችንም ወጣን። ሐኪሙን አገኘሁትና ነገሩን ዘረዘርኩለት። በጾም ቀን የጠዋቷ ትቅር፣ አንዷን ብቻ ከዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ ጋር ይውሰዱ፣ ስኳሩም በየጊዜው ይለካ አለ። ይህን ነግሬያቸው፣ እንደ ምንም ደፍሬ «እስቲ ይድገሙልኝ አባቴ» አልኳቸው።

«መጀመሪያ አንቺ የእኔን ውሎ ድገሚልኝ» አሉ።

እዚያ ንፋስ ላይ ቆሜ ደገምኩ። ጠዋት ሲነሱ ምንም አይቀምሱም፣ ቅዳሴ ይሄዳሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ይበላሉ፣ እስከ ፋሲካ በየቀኑ እንዲሁ።

«አልሆነም» አሉ። «ቅዳሜና እሁድስ? ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ መልስ በጠዋት እንበላለን።»

ወይንሸት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። እኔ መልሼ ለሐኪሙ ደወልኩ። ለቅዳሜና እሁድ እንደ ድሮው ጠዋትና ማታ ተባለ። በሁለተኛው ሙከራዬ ውሎአቸውን በትክክል ደገምኩ፤ ከዚያ እሳቸው አወሳሰዱን አንድም ሳያዛንፉ ደገሙልኝ።

«ይጀምሩልኛል?» አልኳቸው።

«እጀምራለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። አገሩ ይቺን ልጅ ነው የሚያማት» አሉ ወደ ወይንሸት በአገጫቸው እያሳዩ። «የተሳሳተ መድኃኒት ሰጠችው ይላሉ። ጥፋቱ የኔ ነው ብላቸው ‹እሱ ሰው አያስቀይምም፣ ሊሸፍንላት ነው› ብለው አላመኑኝም። አንቺ ንገሪያቸው።»

አሥር ሰዓት፣ ጤና ጣቢያው

አግዳሚው ላይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ወረፋ ይዘው ተቀምጠዋል። ወይንሸት «ግድ የለም፣ ተይው» ብላኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር ልተወው አምሮኝ ነበር፣ ባጃጁም እየጠበቀኝ ነው። ቆምኩና ተናገርኩ። «ጋሽ ደምሴን የጎዳሁት እኔ ነኝ። ወይንሸት የሰጠችው መድኃኒት ትክክል ነው። መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ፣ ጠይቄአለሁ ብዬ ጻፍኩ።» ድምፄ ለራሴም ሰልሎ ተሰማኝ። ማንም አልተቆጣኝም። አንድ ገበሬ ብቻ «ለዚህ ነው ከዚያ ድረስ የመጣሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎን» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ማመስገኑ ይሁን መታዘቡ አልገባኝም፣ ለመጠየቅም ድፍረቱ አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ መልስ

ደብረ ብርሃን አንድ ቤርጎ አደርኩ፣ በስድስት መቶ ብር። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሪፖርቱን በስልኬ እንደ አዲስ ጽፌ ለአለቃዬ ላክሁት። በማግስቱ አውቶቡሱ ሸኖን ሲያልፍ ከወይንሸት መልእክት ገባ። «ከቁርስ ጋር ዋጡ። ቆሜ አየሁ።» ሻርፔን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ አለቀስኩ።

ቀራንዮ ስድስት ሰዓት ገባሁ። እናቴን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። «ይቅር ብለውሽ የለ? ታዲያ ምን ያንገበግብሻል?» አለችኝ። እሳቸውማ ገና ሳልጠይቃቸው ይቅር ብለውኛል። እጃቸው ግን በእኔ ችኮላ እንደታሰረ ነው። ሽቦና ስክሪን መንገዱን ያሳጥራል፤ እኔ ግን ባጠረው መንገድ ሰውየውንም አሳጥሬአቸው ነበር። ከጉዞው ያመጣሁት ትምህርት ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ተራ ከዚያው ጤና ጣቢያ ነበረች፤ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት። ስክሪኑን ጠጋ ብለው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ደምሴን የጣልሽው ልጅ አንቺ ነሽ?»

«አዎን እናቴ፣ እኔ ነኝ።»

«ይሁን» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ። «እንግዲህ እኔ ላይ አትቸኩዪ።»